«ነፃ ነው» ካልን በኋላስ?

በዚህች ቡሌቲን ላይ ብዙ ጊዜ ስለ ፈተና፣ ስለ አታችመንትና ስለ ሪኤጀንት እጥረት ሲጻፍ አነባለሁ። እኔም ዛሬ የምነሳው ከፈተና ነው። ባለፈው ሴሚስተር የኢሚዩኖሎጂ ፈተና ላይ አንዲት የምርጫ ጥያቄ ነበረች። ቢ ሴል የሚያሳጣው፣ በኤክስ ክሮሞዞም የሚተላለፈውና በአብዛኛው ወንድ ልጆችን የሚይዘው በሽታ የትኛው ነው ትላለች። «የብሩተን በሽታ» የሚለውን አከበብኩና አንዷን ማርክ አገኘሁ። ከክፍላችን እሷን የሳተ ያለ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ሃንድአውቱ ላይ በአንድ መስመር ተጽፋለች። በቃላችን ይዘናት ገባን፣ መልሰን ወጣን፣ ረሳናት።

ፈተናው አልቆ ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቼ ስሄድ አክስቴን ልጠይቃት ገባሁ። አክስቴ የሞተባትን ልጅ የሕክምና ካርዶች በፌስታል ጠቅልላ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጣቸዋለች። ቡና ከተጠጣ በኋላ አወረደቻቸውና «አንቺ አሁን ሐኪም ልትሆኚ አይደል፣ እስቲ እዪልኝ ምን ይላሉ» አለችኝ። ሐኪም ሳይሆን የላብራቶሪ ተማሪ እንደሆንኩ ስንቴ ነግሬአታለሁ፤ ለሷ ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው። ተቀበልኳትና አንድ በአንድ አየሁ።

ካርዶቹ 11 ነበሩ፣ ከሦስት የተለያዩ ጤና ተቋማት። የመጀመሪያው ልጁ የ9 ወር ሕፃን ሳለ፣ የመጨረሻው በ7 ዓመቱ የተጻፈ ነው። ስድስቱ ላይ ኒሞንያ፣ ሦስቱ ላይ መግል የሚወርደው የጆሮ ሕመም፣ አንዱ ላይ ያበጠ ጉልበት ይላል። የመጨረሻው ላይ ማጅራት ገትር ይላል፤ ከሱ በኋላ ካርድ የለም። በመካከላቸው ደግሞ አንዲት ትንሽ ወረቀት አለች፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት። ኔጌቲቭ ትላለች። አክስቴ ማንበብ ባትችልም ወረቀቷን ታውቃታለች። «ይቺን ሲሰጡኝ፣ እናት፣ ልጅሽ ነፃ ነው፣ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። እኔም እልል ብዬ ነው የወጣሁት» አለች።

እኔ ፌስታሉን ይዤ ዝም አልኩ። ያቺ አንድ ማርክ ያገኘሁባት ጥያቄ ትዝ አለችኝ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። የአክስቴ ልጅ የብሩተን በሽታ ነበረበት አልልም። አልተመረመረም፤ አሁን ደግሞ ሊመረመር አይችልም። ያከሙትም ሰዎች መጥፎ ነበሩ አልልም፤ ለእያንዳንዱ ኒሞንያ ትክክለኛውን መድኃኒት ሰጥተውታል፣ ድኖም ወደ ቤቱ ተመልሷል። የተቋማቱንም ስም አልጠራም፤ ነገ እኔም እዛው ወንበር ላይ ነኝና። ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው። 11 ጊዜ ታከመ፤ «ለምን ይመላለሳል?» ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይህንን ጥያቄ ስለ ጠየቀ አንድ ሰው ላጫውታችሁ።

ሰውየው ማን ነበር?

(የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦግደን ብሩተን በ1908 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ተወለደ። በ1933 ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀና የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆነ። ስሙን ሃንድአውት ላይ ስናየው ሙሉ ዕድሜውን በላብራቶሪ ያሳለፈ ትልቅ ሳይንቲስት ይመስለናል። ሰውየው ግን በዋሽንግተን ዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነበር፤ በየቀኑ የወታደር ልጆችን የሚያይ የሕፃናት ሐኪም።

ከሚያያቸው ልጆች አንዱ ገና በአራት ዓመት ተኩል ዕድሜው ጉልበቱ መግል ቋጥሮ መጣና ታከመ። ከዚያም ተመለሰ። እንደገና ተመለሰ። በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ ልጁ 19 ጊዜ በደም ኢንፌክሽን ታመመ፤ ከነዚህም በ10ሩ ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከደሙ ተገኘ። የሚገርመው ደግሞ የባክቴሪያው ዓይነት በየጊዜው የተለያየ መሆኑ ነው። እስቲ አስቡት፣ ፔኒሲሊን ባይኖር ኖሮ ይህ ልጅ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ኢንፌክሽን ይሞት ነበር፤ ሁሉም «ኒሞንያ ገደለው» ብሎ ይቀብረው ነበር። እንዲህ ያሉ ልጆች ከዚያ በፊትም ይወለዱ ነበር፣ ግን ጥያቄ ለመሆን የሚበቃ ዕድሜ አልነበራቸውም። መድኃኒቱ ልጁን በሕይወት አቆየው፤ በሕይወት መቆየቱም በሽታውን አሳበቀ።

ብሩተን ልጁን ከያዙት የኒሞኮከስ ዓይነቶች በተሠራ ክትባት ከተበው። ጤነኛ ልጅ ቢሆን ሰውነቱ አንቲቦዲ ያመርት ነበር። የዚህ ልጅ ሰውነት ግን ምንም አላመረተም። በዚያን ጊዜ ዋልተር ሪድ ውስጥ የኤሌክትሮፎሬሲስ መሣሪያ ነበረ። ይህን መሣሪያ የሠራው ስዊድናዊው አርኔ ቲሴሊየስ ሲሆን በ1948 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። የሴረምን ፕሮቲን በኤሌክትሪክ ኃይል እየለየ አልቡሚን፣ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ ብሎ በየጉብታው ያስቀምጠዋል። አንቲቦዲ ያለው በብዛት በጋማው ጉብታ ውስጥ ነው። የልጁ ሴረም ሲታይ ሌሎቹ ጉብታዎች ሁሉ አሉ፣ የጋማው ቦታ ግን ሜዳ ነው።

እኛ ብንሆንስ ምን እናደርግ ነበር? እውነቱን እንነጋገር። «ማሽኑ አልሠራም፣ ሳምፕሉ ተበላሽቷል፣ ድገሙት» እንል ነበር። የሌለ ነገር ራሱ ውጤት ሊሆን ይችላል ብለን አንጠረጥርም፤ እኛ የለመድነው ያለ ነገር መፈለግ ነዋ! ፓራሳይት አለ ወይስ የለም፣ ባክቴሪያ አደገ ወይስ አላደገ። የብሩተን ትልቁ ሥራ በሽታ የጎደለ ነገርም ሊሆን እንደሚችል ማየቱ ነው።

ቀጥሎ ያደረገው ደግሞ ቀላል ነው፤ የጎደለውን መሙላት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሃርቫርድ ኤድዊን ኮን የሚባለው ኬሚስት የሰውን ፕላዝማ ከፋፍሎ የተለያዩ ፕሮቲኖችን ለየብቻ የማውጣት ዘዴ ሠርቶ ነበር። ጋማ ግሎቡሊን ከዚያ የተገኘ ነው። ብሩተን ይህን ጋማ ግሎቡሊን ከልጁ ቆዳ ሥር በየወሩ መውጋት ጀመረ። ያ በአራት ዓመት 19 ጊዜ የታመመ ልጅ ከአንድ ዓመት በላይ ያ የደም ኢንፌክሽን ሳይነካው ቆየ። የወሩም ልክ ትርጉም አለው፤ ዋናው አንቲቦዲ፣ አይጂ ጂ የምንለው፣ በሰውነት ውስጥ በሦስት ሳምንት ገደማ በግማሽ ይቀንሳልና በየጊዜው መተካት አለበት። ዛሬም ሕክምናው በመሠረቱ ይኸው ነው።

ብሩተን ይህንን በ1952 «ፔዲያትሪክስ» በሚባለው መጽሔት አሳተመው። ጽሑፉ 7 ገጽ ነው። በቦስተንም ቻርልስ ጄንዌይና ባልደረቦቹ በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ልጆች እንዳሏቸው ስለታወቀ በዚያው ዓመት አብረው አንድ አጭር ጽሑፍ አውጥተዋል። ብሩተንም ከዚያ በኋላ ወደ ልጆቹ ተመለሰ። ሙሉ ስሙን ያስጠራው የ7 ገጽ ጽሑፍና አንድ ልጅ ነው።

ከ7 ገጽ ምን ወጣ?

ልጁ አንቲቦዲ እንደሌለው ታወቀ፤ አንቲቦዲ የት እንደሚሠራ ግን ገና አልታወቀም ነበር። መልሱ የመጣው ከዶሮ ነው። እንደኛው ተማሪዎች ስለሆኑ ታሪካቸውን ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ግሊክ የሚባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ በዶሮ ጅራት ሥር ስላለች ቡርሳ ስለምትባል ትንሽ ከረጢት ያጠና ነበር፤ እናቶቻችን ዶሮ ሲበልቱ ከ12ቱ ብልት የማይቆጥሯት ነገር ናት። ግሊክ ከጫጩቶች ላይ ቆርጦ አወጣት፣ ምንም የተለየ ነገር አላየም። ቲሞቲ ቻንግ የሚባል ሌላ ተማሪ ግን ለክፍል ልምምድ፣ አንቲቦዲ እንዴት እንደሚመረት ለማሳየት ዶሮ ያስፈልገው ነበርና ከግሊክ ወሰደ። ልምምዱ ከሸፈ፤ ቡርሳቸው የወጣባቸው ዶሮዎች አንቲቦዲ አልሠሩም።

ሁለቱ ከሸፈው ልምምድ ጥያቄ አወጡ። ጽሑፋቸውን «ሳይንስ» የተባለው ታላቅ መጽሔት አልቀበልም ስላላቸው በ1956 በዶሮ እርባታ መጽሔት ላይ አሳተሙት። በ1965 ደግሞ ሕፃናት ሐኪሙ ማክስ ኩፐር በሚኒሶታ ከሮበርት ጉድ ጋር ሆኖ ቡርሳ የሌላቸውን ዶሮዎችና እንደ ብሩተን ታካሚ ያሉትን ልጆች አስተያየና አንቲቦዲ የሚሠራው የሊምፎሳይት ዘር ከሌላው የተለየ መሆኑን አሳየ። ዛሬ በቃላችን የያዝነው «ቢ ሴል» ቢ-ው ከቡርሳ የመጣ ነው። በሰው ላይ ቢ ሴል የሚሠራው የአጥንት መቅኒ ውስጥ ነው። ኩፐር በዚህ ሥራው ከዣክ ሚለር ጋር በ2019 የላስከር ሽልማት አግኝቷል።

በ1993 ሁለት የተለያዩ የምርምር ቡድኖች የተበላሸውን ጂን በኤክስ ክሮሞዞም ላይ አገኙት። ከዚህ ጂን የሚሠራው ኢንዛይም «የብሩተን ታይሮሲን ካይኔዝ» ተባለ። ይህ ኢንዛይም ከሌለ ጀማሪው ቢ ሴል መቅኒ ውስጥ እንዳለ ሳያድግ ይቀራል። ብሩተን በዚያን ጊዜ 84 ዓመቱ ነበር፤ በ2003 አረፈ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ኢብሩቲኒብ የሚባል መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ለአንድ የሊምፎማ ዓይነት ተፈቀደ። መድኃኒቱ የሚሠራው ይህንኑ ኢንዛይም ሆን ብሎ በመዝጋት ነው። ልጁ ላይ የጎደለው ነገር ቢ ሴሉ እንዳያድግ ካደረገ፣ ካንሰር ሆኖ ያለ ልክ በሚያድገው ቢ ሴል ላይ እኛው ብንዘጋውስ ተባለ፣ ሠራም። እንግዲህ ይህ ሁሉ የመጣው «ለምን ይመላለሳል?» ከሚል ጥያቄ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

አገራችን ውስጥ «የበሽታ መከላከል አቅም ማነስ» ሲባል የሁላችንም አእምሮ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ኤች አይ ቪ። ምክንያት አለው። ስንት ቤት የዘጋ፣ ስንት ልጅ ያለ ወላጅ ያስቀረ በሽታ ነው። ተመላላሽ ሕፃን ሲመጣ መጀመሪያ እሱን መመርመርም ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ውጤቱ ኔጌቲቭ ሲሆን ነው። እኛ «ነፃ ነው» እንላለን፣ እናት እልል ትላለች፣ ጥያቄው ይዘጋል። ወረቀቱ የሚለው ግን ከቫይረሱ ነፃ ነው ነው፤ ከችግር ሁሉ ነፃ ነው አይልም። ኤድስ በ1981 መጀመሪያ ሲገለጥ ብሩተን ጽሑፉን ካሳተመ 29 ዓመት አልፎ ነበር። ሲወለዱ ጀምሮ የመከላከል አቅማቸው የጎደለ ልጆች ቫይረሱ ሳይታወቅም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ።

በአገራችን ቋንቋ ደግሞ ሌላ አባባል አለ፤ «ወንድ ልጅ አይበረክትላትም» የሚባል። ሁላችንም በየሰፈራችን እንዲህ የተባለች ሴት እናውቃለን። አንዷ አክስቴ ናት። ከዚህ ልጅ በፊት አንድ ወንድ ልጅ በጨቅላነቱ ሞቶባታል። ስለዚህም ይህኛው ሲወለድ ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ ከሚሉት ስሞች አንዱን አወጡለት። የአክስቴ ወንድምም በልጅነቱ ሞቷል፣ አያቴ በምን እንደሞተ ስትጠየቅ «ውጋት» ነው የምትለው። ሴቶቹ ግን ሁሉም አሉ፣ ጤነኞች ናቸው። ጄኔቲክስ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ እጁ ወደ ወረቀትና እርሳስ መሄድ አለበት። ጉድለቱ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ከሆነ ሴቷ ሁለተኛ ኤክስ ስላላት ሳትታመም ትሸከመዋለች፤ ከወንዶች ልጆቿ እያንዳንዱ ግማሽ በግማሽ ዕድል አለው። ሰፈር ውስጥ ግን የሚወራው ሌላ ነው፤ ወይ ዓይነ ጥላ ነው፣ ወይ እርግማን ነው፣ ወይ እናትዬው ናት።

ሾተላይን አስታውሱ። ሴትየዋ የምትወልደው ሁሉ ሲሞትባት ሾተላይ አለባት ይባል ነበር፣ መንፈስ ነው ተብሎ። ዛሬ ግን የደም ባንክ ኮርስ የወሰደ ሁሉ አርኤች ኔጌቲቭ እናትና አርኤች ፖዘቲቭ ልጅ መሆኑን ያውቃል። ከ1968 ጀምሮ መድኃኒት ሆኖ በገበያ ላይ የዋለው አንቲ ዲ መርፌ፣ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሰጣት ቀጣዩን ልጅ ያተርፋል። እናቶች «የሾተላይ መርፌ» ብለው በስሙ ይጠይቁታል። መርፌው ምንድን ነው? አንቲቦዲ ነው! ከሰው ፕላዝማ የወጣ፣ የብሩተን ታካሚ ይወጋው ከነበረው ጋር የአንድ ቤተሰብ ነገር። «ልጅ አይበረክትላትም» ከሚባለው ክምር ውስጥ አንዱን በላብራቶሪ ምርመራና በአንቲቦዲ መንፈስ ከመባል አውጥተነዋል ማለት ነው። «ወንድ ልጅ አይበረክትላትም» የሚለውስ ስንት ጊዜ ይጠብቅ?

«እኛ ምን አገባን?»

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ ሁለት ተቃውሞ ገጠመኝ። ሁለቱም ሚዛን የሚደፉ ስለሆኑ መመለስ አለብኝ።

አንደኛው፣ «እኛ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ነን፤ የታዘዘውን እንሠራለን፣ ምርመራ የሚያዘውም በሽታውን የሚለየውም ሐኪሙ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ድንበር መጠበቅ አለበት። ነገር ግን ሐኪሙ ልጁን ለአሥር ደቂቃ ነው የሚያየው፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ሐኪም ነው። የዛሬውንም የአምናውንም ውጤት በአንድ መዝገብ ላይ የያዘው ላብራቶሪው ነው። ሪማርክ መጻፍ በሽታ መለየት አይደለም። ማላሪያ ስናይ የፓራሳይቱን ብዛት እንጽፋለን አይደል? የጎደለውንም መጻፍ ያው ሥራችን ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል። «ብታውቂውስ ምን ታደርጊዋለሽ? መድኃኒቱ ከሺህ ሰዎች ፕላዝማ ነው የሚሠራው፣ ዕድሜ ልክ በየሦስት አራት ሳምንቱ ነው የሚሰጠው፣ ዋጋው አይቀመስም» አለኝ አንዱ ጓደኛዬ። መልስ አጥቼ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ። የደረስኩበት ይኸው ነው።

ማወቅ ብቻውን የሚለውጠው ነገር አለ። የታወቀ ልጅ ትኩሳት ሲጀምረው «ነገ ይሻለዋል» አይባልም፤ በዚያው ቀን አንቲባዮቲክ ይጀመርለታል። አንቲቦዲ የሌለው ልጅ በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ጠብታ መውሰድ የለበትም፤ ምክንያቱም ሕያው የሆነው የተዳከመ ቫይረስ በአንጀቱ ለረጅም ጊዜ ሊቆይበትና ሊጎዳው ይችላል። (ልብ በሉ፣ ጠብታው ለቀሩት ልጆች ሁሉ ሕይወት አድን ነው፤ እዚህ የምናገረው ስለነዚህ ጥቂት ልጆች ነው።) እህቶቹና አክስቶቹ ከመውለዳቸው በፊት ይነገራቸዋል። እናቲቱም ጥፋተኛ እንዳልሆነች ታውቃለች፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን በዓለም ጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ነገር ግን ያልተቆጠረ ልጅ በጀት አይያዝለትም። አንድም ታካሚ የለም ከተባለ ማን ይግዛ? ቆጠራው የሚጀምረው ደግሞ ከእኛ ጠረጴዛ ነው።

ምን እናድርግ?

አዲስ ማሽን ይገዛልን አልልም። ባለን ነገር የሚሠሩ ሦስት ነገሮችን ብቻ ለዲፓርትመንታችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መቀነስ እንልመድ። ቶታል ፕሮቲንና አልቡሚን በብዙ ቦታ አብረው ይሠራሉ። ከቶታል ፕሮቲን ላይ አልቡሚን ሲቀነስ የሚቀረው ግሎቡሊን ነው፣ አንቲቦዲም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ለምሳሌ ቶታሉ 7.0፣ አልቡሚኑ 4.2 ከሆነ ቀሪው 2.8 ነው፤ ደህና ነው። ቶታሉ 5.6፣ አልቡሚኑ 4.3 ከሆነ ግን ቀሪው 1.3 ብቻ ነው። ለየብቻ ሲታዩ ብዙ የማያስደነግጡ ቁጥሮች ሲቀነሱ ይጮኻሉ። በብሪታንያ ዌልስ ይህንኑ ስሌት ተጠቅመው አንቲቦዲ የጎደላቸውን ሰዎች አግኝተዋል። በእርግጥ በኩላሊት ወይም በአንጀት ፕሮቲን የሚፈስሰውም ዝቅ ይልበታል፣ በጥቂት ወራት ሕፃናትም በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ «ዝቅተኛ ግሎቡሊን፣ ተመላላሽ ኢንፌክሽን ካለ ይጣራ» ብሎ መጻፍ እንጂ ሌላ ነገር አንልም።

ሁለተኛ፣ የሕፃናትን ሲቢሲ ስናወጣ የሊምፎሳይትን መጠን በፐርሰንት ብቻ ሳይሆን በቁጥር እንጻፍ። የሕፃን ሊምፎሳይት ከአዋቂ በብዙ ይበልጣል፤ ለአዋቂ ደህና የሆነ ቁጥር ለጥቂት ወራት ሕፃን የአደጋ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከብሩተን በሽታ የሚከፋና ቲ ሴልንም የሚያሳጣ ጉድለት አለ፣ እሱ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሚሰጠው እዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ አታችመንት ስንወጣ አንድ ጥያቄ እንልመድ። ሳምፕል ስንቀበል «ይሄ ልጅ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ታሟል?» እንበል። የእናት መልስ የሚያስገርም ነገር ይዟል። አክስቴ ፌስታሉን ስታጥፍ ሳላነሳባት እንዲህ አለችኝ፤ «የሚገርምሽ፣ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ቶንሲል ሲይዛቸው እሱ አንድ ቀን ቶንሲል አሞት አያውቅም»። የብሩተን በሽታ ያለባቸው ልጆች ቶንሲላቸው በጣም ትንሽ ነው ወይም ጭራሽ የለም፤ ቶንሲል የሚሞላው በቢ ሴል ነዋ። አፍ አስከፍቶ በባትሪ ማየት ነው፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ይህም ማስረጃ አይደለም፤ ብዙ ልጅ ቶንሲል ሳያመው ያድጋል። ግን የጠየቃት ሰው ቢኖር ኖሮ ትነግረው ነበር።

በመጨረሻ

«የተማረ ይግደለኝ» የሚል አባባል አለን። እኔ ይህን አባባል ከዚያች ቀን በኋላ መስማት አልፈልግም። የአክስቴን ልጅ ያከሙት ሁሉ የተማሩ ነበሩ፣ እኔም ተምሬ አንድ ማርክ አግኝቻለሁ። የጎደለን እውቀት አይመስለኝም። ብሩተንም ያኔ በሽታውን አያውቀውም፤ ስም እንኳ አልነበረውም። እሱ የነበረው ተመልሶ የመጣን ልጅ «እንደገና መጣ» ብሎ ሳይሰለች «ለምን መጣ?» ብሎ የማየት ልብ ነው። እኛ ዛሬ መልሱ በሃንድአውት ላይ ተጽፎልን ጥያቄውን ነው ያጣነው።

አንድ ነገር ደብቄአችሁ ነበር። እናቴ የአክስቴ ታናሽ እህት ናት። ወንድም የለኝም፤ ሴት ልጆች ብቻ ነን። ታላቅ እህቴ ባለፈው ዓመት አገባች። የካርዶቹን ነገር እንዴት አድርጌ እንደምነግራት እስካሁን አላወቅኩም፤ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ስም የለው፣ ውጤት የለው፣ በእጄ ያለው አንድ ፌስታል ብቻ ነው። ከ11ዱ ካርዶች በአንዱ ላይ አንድ ሰው አንድ መስመር ሪማርክ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምነግራት ነገር ይኖረኝ ነበር።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ወር አታችመንት እንወጣለን። «ኔጌቲቭ» ብለን የጻፍንበትን ወረቀት ለእናት ከመስጠታችን በፊት አንድ ጊዜ መዝገቡን ገለጥ አድርገን እንይ። ልጁ ስሙ ሦስተኛ፣ አራተኛ ጊዜ ካለ እዚያች ባዶ የሪማርክ ቦታ ላይ አንድ መስመር እንጻፍ። መምህራኖቻችንም ይህችን የመቀነስ ስሌት በልምምድ መጽሐፋችን ውስጥ ቢያስገቡልን እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።